ሜዳ ላይ የተሠራ ጉልበት

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽም የቀና ይሁን። እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ አፉን ግን አያመውም። «አንቱ» ማለቱን ትቼ «አንቺ» የምልሽ አንቺው ራስሽ ስላዘዝሽኝ ነው፤ አባባ ደብዳቤውን ልይ ብሎ ከተነሣ ግን በአንዴ አንቱ አደርግሻለሁ።

እቴቴ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ከልጅነቴ ጥድፊያ ብለሽ የሰየምሽኝ ለዚሁ አይደል! ጤና ቢሮው ዝውውሬን ፈቀደልኝ። ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ተራራው ላይ ባለው ጤና ኬላ አዋላጅ ሆኜ እሠራለሁ። ጠይቄ ያገኘሁት ነው፣ ማንም አልገፋኝም። መኪና ተራራው እግር ሥር ይቆማል። ከዚያ በላይ በእግር ወይም በከብት ጀርባ ነው። ጤና ኬላው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ መንደሮቹ ደግሞ ከሱም በላይ ተበታትነዋል። ከኔ በፊት የነበረችው አዋላጅ በእግሯ ስትወጣ ምጡ ቀድሟት የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። አንዲቱን እናት በሕይወት አልደረሰችላትም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ሶላቸው ያለቀ ጫማዎቿን አንሥታ አሳየችኝ።

ስለዚህ ፈረስ ያስፈልገኛል፤ ፈረስ ደግሞ አለን። የአባባን ጋሪ ይስብ የነበረው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማው፣ ቦራው። አባባ ሥራውን ካቆመ ወዲህ ጋጣው ውስጥ ቆሞ ይውላል። ሆዱ ባለሱቅ መስሏል፣ ዳሌው ግን የተራበ ተማሪ ነው። ዓይኑ ንቁ ነው፤ ክፋትም የለበትም።

ችግሬ ይኸውልሽ። ከተማችን እንደ ጠረጴዛ ልጥ ያለ ሜዳ ነው። ኳስ መሬት ላይ ብታስቀምጪ የት እንደምትሄድ ግራ ይገባታል። ዳገት የሚባል ነገር ካለ የወፍጮ ቤቱ መወጣጫ ብቻ ነው። አባባ ያሰብኩትን ስነግረው «የሜዳ ፈረስ ነው፣ ሜዳ ላይ ይጦር። አንቺም ሜዳ ላይ ብትቀሪ ማንም አይከስሽም» አለኝና ፊቱን አዞረ።

አንቺ በሰው አገር ዕድሜሽን ፈረስ ስታሠሪ የኖርሽ ነሽ። ዳገት በሌለበት አገር ፈረስን ለዳገት ማብቃት ይቻላል? ካልተቻለ አሁኑኑ ንገሪኝና ሸጬው በቅሎ ልፈልግ።

እጅሽን የምትስም
ጥድፊያ


ጥቅምት 8 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጥድፊያዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ በእጅሽ የተቀበልሻቸው ሁሉ አድገው ይመርቁሽ። ወንድም ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ አፉን ተዪው። እኔ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ገና ከሩቅ እያሳለ ነው።

እንዳትሸጪው!

ይቻላል። ፈረስ ቤታችን ያለበት አገር ምን እንደሚመስል ብታዪ ጥያቄሽን ትተሽው ነበር። ከደጃፋችን ቆመሽ በሌላኛው መንደር የተሰጣውን ልብስ ቀለሙን ትለያለሽ፤ እንዲያ ያለ ሜዳ ነው። ከዚህ ሜዳ ግን ተራራ ለተራራ የሚሮጡ ፈረሶች አውጥተናል። ዳገት ፈረስን አያጠነክረውም፤ ደካማነቱን ያጋልጥበታል እንጂ። ጥንካሬው የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። አባትሽ ጋሪ ላይ ሳለ «ዳገት ሥር ደርሶ ለፈረስ ገብስ ማብላት» እያለ የሚተርተው ይህንኑ ነው፤ ተረቱን ለራሱ አስታውሺው።

እንግዲህ ስሚኝ። በእርምጃ ነው የምትጀምሪው። ሶምሶማ አይደለም፤ ግልቢያማ በሕልምሽም እንዳይመጣ። ኮርቻ አትጫኚ። በገመድ ይዘሽው አንቺም በእግርሽ ሂጂ፣ ለቀጠሮ እንደረፈደበት ሰው ፈጠን ብለሽ። ይህን ለሳምንታት ታደርጊዋለሽ። ይሰለችሻል፤ ይሰልችሽ። የፈረስ ሳንባ ቶሎ የሚታለል ነገር ነው። ትንሽ ካሠራሽው «ደርሻለሁ፣ እንሂድ» ይልሻል። ጡንቻውም አጨብጫቢ ነው፣ ይከተለዋል። ጅማትና አጥንት ግን እንደ ሽማግሌ ናቸው፤ በቀስታ ካልሆነ አይነሡም፣ ከተቀየሙም ዕርቅ የላቸውም።

ሁልጊዜ ጠዋት፣ ደህና አደርክ ሳትዪው፣ የፊት እግሮቹን ከጉልበት በታች በመዳፍሽ ዳስሺ። አንደኛው ከሌላው ከሞቀ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

እርምጃው ሲጠናለት ዳገት ፍለጋ አትንከራተቺ፤ የሚከብድ መሬት ፈልጊ። የታረሰ ማሳ ይሁን፣ የወንዝ አሸዋ ይሁን፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ግን አይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ጋሪ ፈረስ ደረቱን ወደ ፊት ጥሎ መሳብ ነው የለመደው። ተራራ የሚወጣው ግን በኋላ እግር ነው። አሸዋ ውስጥ ስትነጂው ጭንቅላቱ ዝቅ፣ ጀርባው ቀና ማለቱን እዪ። የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ገብቶ ሲገፋ ያኔ ገባው ማለት ነው።

ስትጽፊልኝ ስለ ቦራው ብቻ ጻፊልኝ፤ የጎረቤት ወሬ አልፈልግም። እሺ፣ ትንሽ ጨምሪበት።

አክስትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለእቴቴ፣ ከሩቅ ሆና ከቅርብ ሰው ለምትበልጠው፣

የያዝሽው ልጓም ሁሉ ይታዘዝልሽ፤ ብርዱም ሳስቶ ይለፍሽ።

እንዳልሽው በእርምጃ ጀመርን። ጤና ጣቢያ ስገባ ይዤው እሄዳለሁ፣ ስወጣ ይዤው እመለሳለሁ፤ ዘበኛው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ያስርልኛል። መጀመሪያ ሰሞን መንገዱ ሁሉ ሳቀብን። «ሲስተር፣ የታመመው እሱ ነው አንቺ?» ይሉኛል። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «ፈረስ እያለ በእግር፣ ሚስት እያለች ምግብ ቤት!» አለኝ። ሚስቱ ከውስጥ ሰምታ የመለሰችለትን አልጽፍልሽም፤ ወሬ አልፈልግም ብለሻል።

ከዚያ ወደ አሸዋው ወረድን። ወንዛችን በዚህ ወር ክር አክላለች፤ ዳርና ዳሯ እግር የሚውጥ አሸዋ ነው። የመጀመሪያ ቀን ኮቴው ሲሰምጥበት ቦራው ቆመና ዞር ብሎ አየኝ፤ «አውቀሽ ነው?» የሚል አስተያየት። አሁን ግን አንገቱን ዘርግቶ ይገባበታል። ሆዱ ሸሽቷል። የልቡን ምት በምን እንደማዳምጥ ታውቂያለሽ? አዲስ ሲመጣ ከአገልግሎት በወጣችው የእንጨት ማዳመጫዬ፣ የፅንስ ልብ በምሰማባት። ከክርኑ ኋላ ደግኜ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ እናቶቹ ሆድ ውስጥ የምሰማው የሰዓት ምት ከሆነ ይኼኛው የጎረቤት ግድግዳ የሚመታ ሰው ነው። ድሮ ሥራ ከጨረሰ በኋላ እስኪረጋ ቆሜ እሰለች ነበር፤ አሁን ገና ኮርቻ ሳላወርድለት ይረጋል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮርቻ ጭኜበት ከአስፋልቱ ዳር ዳር ስንራመድ አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ አብሮኝ የተማረ ነው። ጥሩንባውን ነፋብኝና በመስኮት ብቅ ብሎ «ይቺ ነገር ትንቀሳቀሳለች እንዴ?» አለኝ። እኔ ጥድፊያ ነኝ፤ ቦራውም ለካ የኔ ብጤ ነው። ዛቡን ለቀቅሁለት። እቴቴ፣ በረረ! እስከ ድልድዩ ድረስ አውቶቡሱን መራነው፤ ተሳፋሪው አጨበጨበልን። ጠዋት የግራ የፊት እግሩን ስዳስስ ከጉልበቱ በታች እንደ ምድጃ ይፋጃል። አብጧል። መሬት ሲረግጥበት ያነክሳል።

አባባ አጎንብሶ አየው። እራት ላይ ቀና ብሎ «ከብት ነጋዴው በቅሎ አለው። ቦራውን ሰጥተሽው ተለዋወጡ፤ ወይም ነገሩን ተዪውና እዚሁ ሥሪ» አለኝ። ሄጄ በቅሎዋን አየኋት። አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው የምትል ዓይነት ኩሩ ናት፤ ብርቱም ናት፣ ትራገጣለች እንጂ። ነጋዴው ብዙ አይታገሰኝም። ምን ላድርግ?

ጥድፊያ


ኅዳር 28 ቀን

ለእቴቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ ሳላገኝ ደግሜ መጻፌ ነው። የፖስታ ቤቷ ልጅ «ዛሬም የለሽም» ስትለኝ ጥፋቱ የሷ ይመስል ኮስተር እልባታለሁ።

እብጠቱ ትንሽ ጎድሏል። ለበቅሎ ነጋዴው «አክስቴን ሳልጠይቅ አይሆንም» አልኩት። «አክስትሽ የት ነው ያለችው?» አለኝ። ስነግረው ሳቀ። እኔ ግን አልለወጥኩም። አባባም አንቺን ጠየቀኝ፤ «ያቺ ልጅ ጻፈች?» አለ፤ ከዚያ እንዳልጠየቀ ሆኖ ወጣ።

ምነው ዝም አልሽ?

ጥድፊያ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ለጥድፊያዬ፣

ጥርጣሬሽን ሁሉ በደስታ ይለውጥልሽ። መዘግየቴን አትያዢብኝ። ለጊዜው ሌላ ቤት ነኝ፤ ደብዳቤዎችሽ ፈረስ ቤቱ ቁጭ ብለው ኖረው ዛሬ የፈረስ ቤቱ ባለቤት አንድ ላይ ይዛልኝ መጣች።

እንዳትለውጪው! ነጋዴው ይሳቅ፤ ጥርስ ካለው ምን ቸገረን።

መሮጡ አላናደደኝም። መሮጥ እንደሚወድ ነገረሽ እኮ፤ ያን በገንዘብ አይገዙትም። ያናደደኝ አስፋልቱ ነው። እብጠቱ እየጎደለ ከሆነ ጅማቱ ተቆጥቷል እንጂ አልተበጠሰም። ጠዋትና ማታ ወንዙ ውስጥ አቁሚው፤ ቀዝቃዛ ውኃ የማይከራከር ሐኪም ነው። የከብት ሐኪሙም ይየው። ማንከሱ ሲቀር እንደገና በእርምጃ ትጀምሪያለሽ። አዎ፣ ከመጀመሪያው! የተሠራው ሁሉ ፈርሷል ማለት አይደለም። ሰውነት የለፋበትን አይረሳም፤ ያኮርፋል እንጂ አይረሳም።

ከዚያ እንጨት አጋድሚለት። ቀጥ ያሉ ወፍራም እንጨቶች መሬት ላይ፣ በእርምጃው ልክ አራርቀሽ። እየተሻገረ ይሂድ፣ ያ ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያይሽ የልጆች ጨዋታ ነው። እግርን ጎትቶ በማለፍና አንሥቶ በማለፍ መካከል ግን ስንት አገር እንዳለ የሞከረው ያውቀዋል። መጀመሪያ ዳሌሽ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ እንቅልፋም ሰው ሲቀሰቅሱት እንደሚያደርገው ያለ ማጉረምረም ይሰማሻል። ከዚያ ላቡ ይመጣል። ከመስኮቱ እስከ በሩ ደርሰሽ ስትመለሺ ዓለምን የዞርሽ ይመስልሻል። ስለዚህ አታጣድፊው። እንጨቱን በኮቴው ቢነካው አትቆጪው፤ መንካቱን እሱም ሰምቷል።

ያን ሲለምድ ወደ ኋላ አስሂጂው። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቆም፣ ወደ ፊት። ወደ ኋላ የሚሄድ ፈረስ ክብደቱን ዳሌው ላይ ማስቀመጥ ግድ ይለዋል፤ የተራራ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ሜዳ ላይ ተራራ መሥራት ማለት ይኸው ነው።

አይዞሽ። ገና ብዙ ጊዜ አለሽ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለእቴቴ፣

እንዳልሽው አደረግሁ፤ ወንዟ ውስጥ አቆምኩት። የከብት ሐኪሙም አይቶት «ጅማቱ ደህና ነው፣ ባለቤቱን ግን አሳርፉልኝ» አለ። ማንከሱ ጠፍቷል። እርምጃ ላይ ነን።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፈረስ ከመስኮት እስከ በር አይመላለስም። እንቅልፋም የሚያጉረመርመው ዳሌም የቦራው አይመስለኝም። እኔ ስብራት ከሚታይበት ክፍል አጠገብ ነው የምሠራው፤ ሰው መራመድ ሲማር እንዴት እንደሚያወራ አውቃለሁ። ወጌሻም ሐኪምም ፊት የሚያወሩት ልክ አንቺ የጻፍሽውን ቃል ነው።

እቴቴ፣ የት ነሽ?

ጥድፊያ


ጥር 14 ቀን

ለጥድፊያ፣ ለዓይነ ልባሟ፣

እግዜር የማየት ጸጋሽን ያብዛልሽ፤ እኔ ላይ ግን ባትሞክሪው ጥሩ ነበር።

እሺ። ነሐሴ ላይ አንድ ገና ያልተገራ ፈረስ ከነእኔ ወደቀ። እሱ ተነሣ፤ እኔ ቀረሁ። ዳሌዬ ተሰበረ፣ ብረት አስገብተው አሰሩት። የመጀመሪያውን መልስ የጻፍኩልሽ ተጋድሜ፣ ወረቀቱን የምግብ ሰሐን ጀርባ ላይ አድርጌ ነው። ኅዳር ላይ ብረቱ ቦታውን ለቀቀና እንደገና ከፈቱኝ፤ የጠፋሁብሽ ያኔ ነው። አሁን ያለሁት ሰው እንደገና መራመድ የሚማርበት ቤት ነው። ረጅም ኮሪደር አለው፣ ወለሉ እንደ እናንተ ከተማ ልጥ ያለ።

ያልነገርኩሽ ላለማስጨነቅ ነው ብልሽ ግማሹን ዋሸሁ። ወንድም ጋሼ «ነይ ብዬሽ ነበር» እንዳይለኝ ነው። ቃሉን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ድምፁን ጭምር።

እንዳታለቅሺልኝ ደግሞ። የምታሠራኝ ልጅ እግር ሐኪም የምታዝዘኝን ብታዪ ትስቂያለሽ። መጀመሪያ እርምጃ። ከዚያ ወለሉ ላይ ዱላ አጋድማ ተሻገሪ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «አሁን ወደ ኋላ ሂጂ» ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ምን ያስቅሻል?» አለች። «ቀጥሎ አሸዋ ውስጥ ልትከችኝ ነው?» አልኳት። ነገሩን ሳጫውታት ቦራውን ወደደችው። ጠዋት ስትገባ ከደህና አደርሽ በፊት «ፈረሱስ?» ትለኛለች። ስለዚህ ደብዳቤ ስታዘገዪ ሁለት ሰው ነው የምታስጠብቂው።

እዚህ ያሉት ሰዎች ምድር ቤት የሚከራይ ክፍል ፈልጊ ይሉኛል። የኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እኔ ግን አልፈልግም። መስኮቴ ፈረሶቹ የሚግጡበትን መስክ ያያል፤ ያንን መስኮት ለማንም አልለቅም። ደረጃውን እወጣዋለሁ።

ለአባትሽ ንገሪው። እኔ አልቻልኩበትም።

አክስትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለእቴቴ፣ ለብረት ለበሷ፣

ዳሌሽ ይጥና፣ ደረጃው ይጠር! ሐኪሟንም ሰላም በይልኝ።

ለአባባ ነገርኩት። ምሳ ላይ ነበርን። ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ነይ ብዬሽ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ማኘክ ተወ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ጓሮ የመጥረቢያና የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ቦራውን ሊፈታው ነው፣ ወይ ጋጣውን ሊያፈርሰው ነው ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ለካ ጋሪውን እየፈታው ነው። ያንን ዶሮ የሚያድርበትን፣ «አይነካም!» የሚለውን ጋሪ። ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶቹን ነቀላቸው፣ መሀል ለመሀል ቆረጣቸው፤ አንድ ባንድ እየጎተተ መሬት ላይ አጋደማቸው። ላቡን ጠረገና ቀና ሳይል «በምን ያህል ይራራቁ አለች?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ስሆን ቦራውን የሚያሠራው እሱ ነው። ብታዪው! ፊት ፊቱ ወደ ኋላ እየተራመደ «አንሣ! አንሣ እንጂ! የምን መጎተት ነው፣ ጋሪ የለህም እኮ!» እያለ ይጮህበታል። ልብስ ሰፊው ሥራውን ትቶ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ቦራው እንጨቱን ሁሉ ሲያንኳኳ ከበሮ ቤት መስሎ ነበር። አሁን እንደ ድመት ነው፤ አንዱንም ሳይነካ ያልፋል። ወደ ኋላ መሄዱን መጀመሪያ እንደ ስድብ ቆጥሮት ነበር። አሁን በጣቴ ደረቱን ነካ ሳደርገው ዳሌው ላይ ቁጭ ሊል ይደርሳል። ትናንት የታረሰው ማሳ ላይ በሶምሶማ ወሰድኩት። ጀርባው ከሥሬ ሲነሣ ተሰማኝ፤ እስከዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኖሬ አሁን ገና ፈረስ ላይ የወጣሁ መሰለኝ። የወፍጮ ቤቱን መወጣጫ ደግሞ ዱቄት የተሸከሙ ሰዎች እስኪቆጡን ወጥተን ወረድንበት።

የአባባ ጉልበት አያመውም አሁን። ወይም አመመኝ ማለት ረስቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት እወጣለሁ። ቅር እንደተሰኘ አውቃለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን ኮርቻዬን ቅባት ሲቀባ ዋለ፤ ቀብቶ ጨርሶ እንደገና ቀባው።

ጥድፊያ


መጋቢት 3 ቀን

ለጥድፊያዬ፣ ለተራራዋ ሴት፣

የረገጥሽው ድንጋይ ይርጋልሽ፤ የገባሽበት ቤት በልቅሶ ሳይሆን በእልልታ ይሸኝሽ።

ከዚያ ቤት ወጣሁ። ባለ ፈረስ ቤቷ በመኪናዋ አምጥታ ደጃፌ ጣለችኝ። ደገፍ ላድርግሽ አለች፣ እምቢ አልኳት። ቦርሳዬን ብቻ ይዛ ከኋላዬ መጣች። አንደኛው ፎቅ ላይ ቆምኩ፤ ቦርሳ የያዘችው እሷ እያለከለከች ነበር። ሁለተኛው ላይ ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ ወንበር አወጣልኝ፤ ተቀምጬ ስለ ቦራው ነገርኩት። ከዚያ የመጨረሻውን ወጣሁ። መስኮቴ ላይ አቧራ ተጋግሯል። በእጅጌዬ ጠረግሁትና ሁለቱ ግራጫ ፈረሶች ከአጥሩ ሥር ቆመው አየኋቸው።

ገና ኮርቻ ላይ አልወጣሁም። እወጣለሁ። ሥራ ግን ጀምሬያለሁ፤ መሬት ላይ ቆሜ ወጣቶቹን ፈረስ አሠሪዎች አሠራለሁ። ተራራ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ፤ ሲቆም አትምቺው። የቆመው ሊያስብ ነው።

ወንድም ጋሼ ጋሪውን ቆረጠው አልሽኝ? ደግመሽ ጻፊልኝ፣ አላመንኩም።

አክስትሽ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለእቴቴ፣

ከደመናው በላይ ሆኜ ሰላም እልሻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከደጃፌ ሥር ነው።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእናቶች፣ አንዱ የመድኃኒትና የኔ። ቦራው ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጣራ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ቀዝቃዛው አየር አስገርሞት አፍንጫውን ወደ ላይ እያደረገ ያሸት ነበር። አጫጭር መንገዶች ወሰድኩት፣ ዳገቱን አስለመድኩት። እውነተኛው ፈተና ግን ባለፈው ረቡዕ መጣ።

ጠዋት ገና እጄን እየታጠብኩ አንድ ሰው እየሮጠ ደረሰ። ከጫፉ መንደር ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጠው ሚስቱ ናት። «ደም አለ» አለኝ። ያን ሰማሁና ሌላ አልጠየቅሁም። የመድኃኒቱን ሣጥን ኮርቻው ላይ አሰርኩ፣ ወጣሁ። ሰውዬው በአቋራጭ መንገድ በእግሩ ቀደመኝ፤ እኔ ለከብት የሚሆነውን ያዝኩ።

እቴቴ፣ ዳገቱ ግድግዳ ነው። እስከ ግማሹ በእርምጃ ወጣን፤ ዳሌው ከሥሬ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ከዚያ ድንጋዩ ደረጃ ደረጃ የሆነበት ጋ ደረስን። ቦራው ቆመ።  ሴትዮዋ ትታየኛለች፤ ተረከዜ ሊመታው ተነሣ። ቃልሽ ትዝ አለኝና እግሬን ያዝኩ። ጆሮዎቹን ወደ ፊት ቀስሮ ድንጋዩን አየው፤ ትንፋሹን ሳበ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ የኋላ እግሮቹን ሆዱ ሥር ሰበሰበ፣ አንሥቶ አስቀመጠ። የአንዱንም ድንጋይ ጠርዝ አልነካም። እኔ ጋማውን ይዤ ወደ ፊት ከማጎንበስ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ስደርስ ሕፃኑ እየመጣ ነበር። ወንድ ነው፣ ሲወጣ ቀድሞ የተቆጣው እሱ ነው። ችግሩ ከኋላ መጣ፤ ደሙ አልቆም አለ። መርፌውን ወጋኋት፣ ማህፀኗን በእጄ እያሸሁ ቆየሁ፤ አማቷ በሹክሹክታ ትጸልያለች። በመጨረሻ ከእጄ ሥር እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ተሰማኝ። ቆመ። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ «ወንድ ነው አሉኝ፤ ማንን ይመስላል?» አለችኝ። ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ አልነበረም። 

ስወጣ የባሏ አባት፣ ሽማግሌው፣ ቦራውን እየዞሩ ያዩታል። ዳሌውን መታ መታ አድርገው «ይህ የደጋ ፈረስ ነው። ከየትኛው ተራራ ነው የገዛሽው?» አሉኝ።

«የሜዳ ነው አባቴ። ጋሪ ይስብ ነበር።»

«ኧረ ተይ ልጄ!» አሉ። «ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ዳሌ አይበቅልም። እኔ በፈረስ አልሸወድም።»

ብነግራቸው፣ ብምልላቸው አላመኑኝም። እስክሄድ ድረስ «ሻጩ ዋሽቶሻል» እያሉ ሲያዝኑልኝ ቆዩ።

ጥድፊያ


በደብዳቤው ጀርባ

ታናሼ፣

ልጅቷ ይህን ፖስታ ቤት አድርስልኝ ብላ ሰደደችልኝ። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ወረቀት እንዳይባክን ብዬ ነው የምጽፈው። ደብዳቤ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

«ነይ ብዬሽ ነበር» አልልሽም። ብዬሽ ነበር፣ ግን አልልሽም። ሦስት ፎቅ መውጣትሽን ሳነብ ለልብስ ሰፊው ጭምር አነበብኩለት።

አሁን ምክር ፈልጌ ነው። ጋጣው ባዶ ሲሆን አስጠላኝና አንዲት ባዝራ ገዛሁ፤ ኮርቻ የሚባል ነገር የማታውቅ ልጅ ናት። ትናንት ባርኔጣዬን በላችው። ጋሪ አላስስባትም፤ ጋሪውንስ የት አግኝቼ። ተራራው ላይ ልጅ አለችኝ፣ ሳትጠራኝ ሄጄ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ይህች ባዝራ እኔን ይዛ ያን ዳገት እንድትወጣ ምን ላድርጋት? በእርምጃ ጀምር እንዳትዪኝ፤ እሱን ጀምረናል። ለጊዜው የምትጎትተኝ እሷ ናት።

ወንድም ጋሼ